ባለመርፌው ቴፕ

ሺንማቺ፣ ዐሥረኛው ወር፣ 4 ቀን፣ 1997

ወንድሜ ቴይጂ፣

አለሁ፤ አልሞትኩም። ሰላምታ መቅደም እንዳለበት አላጣሁትም፤ ግን አንተም በስንት ወርህ አንድ ፖስት ካርድ ስትልክ ሰላምታ አላስቀደምክም። እሺ፣ ወጉ አይቅርብን፦ እዚህ የተራራው ቅጠል መቅላት ጀምሯል፣ የካኪው ዛፍ ዘንድሮ ፍሬው በዝቶበት ጎብጧል፣ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ካልሆነ በቀር ደህና ነው። አንተስ? ሚስትህ ቶሞዌስ? ኦታሩ በረዶ ጣለ ወይ?

ካርድህ ላይ አንዲት መስመር ነች ያለችው። «የእማዬን ጥሪ መጥራት የሚችል ሰው ቀርቷል ወይ?» አራት ጊዜ አነበብኳት። አንተ ሰው፣ አርባ ስድስት ዓመት ዝም ብለህ ከርመህ ዛሬ ምን አሳሰበህ?

መልሱ፦ አለ። አንድ ሰው ብቻ። ከገደሉ ማዶ፣ ከቤታችን ትይዩ የነበሩት እማማ ሱዌ። ሰማንያ ስምንት ሞላቸው። የዐሥራ አራቱንም ቤት ጥሪ፣ እናቶች በገደሉ ላይ የሚጣሩበትን ዜማ፣ ያውቃሉ፤ የእኛን የታችኛው ምንጭ ቤትንም። እኔማ ልሞክር ብዬ ጓሮ ወጥቼ ነበር። ከጉሮሮዬ የወጣው «ምሳ ደርሷል!» ነው። ሠላሳ ዓመት ለትምህርት ቤት ልጆች ወጥ ስሠራ ኖሬ ሌላ ምን ይውጣ?

ካርድህ ደግሞ በሰዓቱ ነው የደረሰው። መንደራችን ቶቺዳይራን የግድቡ ውኃ ሳይውጠው ዐዋቂ ሆነን ከኖርንበት ሰዎች የቀረነው ዐሥራ አንድ ነን። የመንደሩ ሰዎች ማኅበር ባለፈው ወር ተሰብስቦ «ሳናልቅ ድምፃችን ይቀረጽ» አለ። ጠያቂ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ምክንያታቸው «ኪኑ አፍ አላት» ነው። አፍ ያለው ይናገራል እንጂ ይጠይቃል እንዴ?

አሁን ጭንቄ ቴፑ ነው። ባለሱቁ ሦስት ዓይነት አሳየኝ። አንዱ መዳፍ የሚያክል ነው፤ ሰው ሲናገር ይነቃል፣ ዝም ሲባል ይተኛል፣ ካሴት ይቆጥባል። ሁለተኛው በካሴት ፈንታ ብስኩት የምታክል የምታብረቀርቅ ዲስክ ይውጣል። ሦስተኛው በትከሻ የሚነገት ትልቅ ነገር ነው፣ ፊቱ ላይ መርፌ የሚወዛወዝበት፣ አቧራ የጠጣ። ሠላሳ አራት ዓመት ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ስታስተካክል የኖርከው አንተ ነህ። የቱን ልያዝ?

ቶሎ ጻፍልኝ። እማማ ሱዌ ደረታቸው ደክሟል። በረዶ መንገድ ሳይዘጋ፣ በዐሥራ ሁለተኛው ወር መጀመሪያ፣ ልጃቸው ታች ከተማ ሆስፒታል ሊያስገባቸው ነው። ከዚያ ወዲያ የእማዬ ጥሪ ማን ጋ ይቀራል?

ደግሞ ስልክ ስደውል ሁሌ የምታነሣው ቶሞዌ ናት። «አሁን ወጣ» ትለኛለች። ጡረታ ወጣህ እንጂ ፖስታ ቤት ተቀጠርክ እንዴ? መቼ ነው የምትገባው?

እህትህ ኪኑ

*

ኦታሩ፣ ዐሥረኛው ወር፣ 11 ቀን

እታለም፣

ይቅርታው ይቅደም። ስለ ስልኩ ይቅር በይኝ። ስልክ አልወድም፤ ድሮም አልወድም። ቶሞዌን አትጨቅጭቂያት።

መዳፍ የሚያክለውን እንዳትነኪው። ድምፅ ሰምቶ እስኪነቃ ድረስ የመጀመሪያውን ፊደል ይበላል፣ ዝምታውን ደግሞ ጭራሽ ይውጠዋል። ሽማግሌ ሲያወራ ግማሹ ዝምታ ነው። ባልየው መቼ ሞተ ሲባሉ ዝም የሚሉት ዝምታ ራሱ መልስ ነው፤ እሱን ቆርጠሽ ጥለሽ ምኑን ልትቀርጪ ነው? ብስኩቷ ደግሞ «ይህን ጆሮ አይሰማውም» ብላ የገመተችውን እየመረጠች ትጥላለች። ማን ሾማት? እኔ የማልሰማውን እኔው ልወቀው።

ባለመርፌውን ያዢ። የድምፁ ልክ በእጅ የሚስተካከል ነው። ሌሎቹ በራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ሰው ሲጮህ ያፍኑታል፣ ዝም ሲል የማዕድ ቤቱን ጫጫታ ጎትተው ያመጡታል፤ መጨረሻ ላይ ጩኸትም ሹክሹክታም አንድ ይሆናል። መርፌ ግን አይዋሽም። ሰው ሲናገር ይነሣል፣ ሲያበቃ ይተኛል። ቀዩን መስመር አንዴ ነካ ቢያደርግ ግድ የለም፤ እዚያው ከዋለ ግን መቆጣጠሪያውን ቀንሺው።

ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አውርጂ። ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አንሺ። ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፊ፣ ማይኩን ከአፋቸው ስንዝር ተኩል አርቂ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንቺ ዝም በይ። በራስሽ ነቅንቂ እንጂ «እህ፣ አዎ፣ እውነት ነው፣ ወይ ጉድ» አትበይ። አውቅሻለሁ።

ምን አሳሰበህ ላልሺኝ፦ እርጅና በይው። የሌላው ሁሉ ድምፅ ለማኅበሩ ይሁን። የእማዬ ጥሪ ግን ለእኔ ነው። እንደ ሕፃን ቢያስቆጥረኝም እፈልገዋለሁ።

ቴይጂ

*

ሺንማቺ፣ ዐሥረኛው ወር፣ 24 ቀን

ቴይጂ፣

መጀመሪያ ሻይህን ቅዳና ተቀመጥ። ከዚያ አትቆጣ።

መዳፍ የሚያክለውን ገዛን። እኔ ደብዳቤህን ለማኅበሩ ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ፣ አማልክት ምስክሬ ናቸው። ስለ ዝምታው የጻፍከው ጋ ስደርስ ግን ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ባዶ ካሴት ማሽከርከር? ይህማ ብክነት ነው» አሉ። አንድ የሩዝ ፍሬ ሳህን ላይ ብናስቀር እጃችንን እየተመታን ያደግን ሰዎች፣ ጭራሽ ዝምታ ልንቀርጽ? አንድም እጅ ለባለመርፌው አልወጣም። የእኔም ጭምር፤ ልዋሽህ አልችልም።

ሦስት ሰው ቀረጽኩ፣ አራተኛዋ እማማ ሱዌ ናቸው። ካሴታቸው ከዚህ ጋር አለልህ። ጥሪው ገና ነው፤ ስለ ማቀበል ብቻ ነው ያወሩት። ታስታውሳለህ አይደል? ንፋሱ ወደ ላይ ሲነፍስ ከቤታችን የተጠራ ወንዙ ዳር ካለው እርሻ አይደርስም። ያን ጊዜ ማዶ ያለችው ሴት ጥሪውን ትቀበልና የጥሪው ባለቤት በጠራችበት ዜማ ወደ ታች ታቀብላለች፤ «አቤት» ሲባል ደግሞ መልሱን ወደ ላይ ትመልሳለች። ለእማዬ የሚያቀብሉት እማማ ሱዌ ነበሩ። ለዚህ ነው እንደ ራሳቸው የሚያውቁት። እማዬማ «አቤት» ሳትሰማ ቤት ገብታ ታውቃለች? ዝናብም ቢሆን፣ በረዶም ቢሆን፣ በሩ ላይ ተገትራ ነው። አንተ ደግሞ መልስህን እስክታመጣ ሾርባው ሦስቴ ይሞቃል።

ዝም በይ ያልከኝን ሞከርኩ። ሁለት ዐረፍተ ነገር ዝም ብል እማማ ሱዌ አቁመው «ምነው፣ አስቀየምኩሽ?» አሉኝ። ቴይጂ፣ እኛ አገር ሲያወሩልህ ዝም ማለት በር መዝጋት ነው። አንተ ሰሜን ሄደህ ረስተኸው ይሆናል።

ካሴቱ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠይቄሃለሁ። በደብዳቤህ መልስልኝ።

ኪኑ

*

ኦታሩ፣ ዐሥራ አንደኛው ወር፣ 1 ቀን

እታለም፣

ካሴቱ ደረሰኝ። ሻይ ቀድቼ ተቀምጬ ነበር፤ አልረዳኝም።

ስድሳ ደቂቃ ሙሉ መርፌው አንድም ጊዜ አልተኛም። አንድም ጊዜ! እማማ ሱዌ ትንፋሽ አይወስዱም እንዴ? ቴፑ እየተኛ እየነቃ ቃሉን ከቃል ሰፍቶታል። በየንግግሩ ጭራ ላይ ደግሞ አጭር ዝላይ አለ፣ እሱ የአንቺ «እህ» ነው። ሁለት መቶ ሲደርስ መቁጠር ተውኩ።

ጥሪውን በዚህ እንዳትቀርጪው፣ እለምንሻለሁ። የእማዬ ጥሪ እንዴት እንደነበር አስቢ፦ አንድ ረጅም «ሆዮይ»፣ ከዚያ ተራራው እስኪመልስላት ትጠብቃለች፣ ከዚያ ስም። ተራራው የሚመልሰው ቀጭን ነው። መዳፏ ነገር ዝምታ መስሏት ትተኛለች፤ ከእንቅልፏ ስትነቃ የስሜ ግማሽ አልፏል። ተራራ የሌለው ጥሪ፣ ግማሽ ስም፤ ምን ያደርግልኛል?

ጡረታ ስወጣ ከጣቢያው የሰጡኝን ባለመርፌ ቴፕ ዛሬ በጭነት መኪና ላክሁልሽ። እኔ ጋ ለማጫወቻ የሚሆን ሌላ አለ። ከባድ ነው፣ ሰው ያግዝሽ። ማይኩ ላይ ያለውን የስፖንጅ ቆብ አታውልቂው፣ ለንፋስ ነው። አዲስ ባትሪ አስገብቻለሁ። ለማኅበሩ ሽማግሌዎች ዝምታው በእኔ ይሁን በያቸው። ስድስት ባዶ ካሴት ሳጥኑ ውስጥ አለ፣ እስኪያልቅ ዝም ይበሉበት።

የካኪውን ፍሬ ላጥሽ ሰቀልሽ ወይ? ቶሞዌ ትወደዋለች።

ቴይጂ

*

ሺንማቺ፣ ዐሥራ አንደኛው ወር፣ 12 ቀን

ቴይጂ፣

ያ ሬሳ ሳጥን ደረሰ። ከመኪናው ያወረደው ሰው «ምን አለበት?» ቢለኝ «ዝምታ» አልኩት። ካኪውን ሰቅያለሁ፣ ሲደርቅ ለቶሞዌ እልካለሁ።

ፎጣውን አንጥፌ፣ ሰዓቱን አውርጄ፣ ማንቆርቆሪያውን አንስቼ፣ እንዳልከው አደረግሁ። ለማዳመጤ ምልክት የእማማ ሱዌን እጅ ያዝኩ። «እህ» ማለት ሲያምረኝ እጨብጣቸዋለሁ። ተግባባን። መርፌው ሲተኛ አየሁት፤ ልክ ነህ፣ ያምራል። የልጅነት ነገር አውርተውልኛል፣ ካሴቱን ልኬልሃለሁ።

ጥሪው ግን አስቸገረኝ። «እማማ፣ በሉ አሁን የታችኛው ምንጭ ቤትን ይጥሩልኝ» ስላቸው ጣራውን አዩና ሳቁብኝ። «ቤት ውስጥ? አብደሻል? ጥሪ በገደል ላይ ነው። እዚህ ብጠራ ማን ይመልሳል፣ ፍሪጁ?» አሉ። እሺ፣ ግድቡ ዳር እንውረድ፣ ተራራው እንደሁ ቆሟል፣ ቴፑም ባትሪ አለው አልኳቸው። ተስማሙ። ከዚያ ፊታቸውን አጠቆሩና፣ «ማን ነው የሚጠራው?» አሉኝ።

«ቴይጂ ነዋ።»

«ቴይጂ የት አለ?»

«ኦታሩ።»

«እንግዲያስ አልጠራም። መላሽ በሌለበት አይጠራም። እሱ ይምጣ፣ ይመልስ።»

እኔ «አቤት» ልበልልዎ ብላቸው ተቆጡ። እንዲህ ተቆጥተው አይቼ አላውቅም። «በሰው ፋንታ አይመለስም!» ብለው እጃቸውን ከእጄ ነጠቁኝ። ከዚያ አለቀሱ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ስለዚህ ና። ባቡር አለ፣ አውሮፕላን አለ፣ አልጋ አለ። እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ወር 8 ቀን እዚህ ናቸው። አንድ «አቤት» ለማለት ያን ያህል ይከብዳል?

ሌላው፦ ባለፈው ካሴት መጨረሻ የጠየቅሁህን አልመለስክልኝም። እስከ መጨረሻው አልደረስክ ይሆናል ብዬ በዚህኛው መጀመሪያው ላይ ደግሜዋለሁ።

ኪኑ

*

ኦታሩ፣ ዐሥራ አንደኛው ወር፣ 19 ቀን

እታለም፣

ካሴቱ ግሩም ነው። መርፌው እንደሚገባው ይሄዳል፣ ዝምታውም ዝምታ ነው። ከጣቢያው ልጆች የሚበልጥ ሥራ ነው የሠራሽው። እጅ መጨበጡን ማን ያስበዋል?

መምጣቱን ግን አልችልም። ወገቤን ያመኛል። እዚህ በረዶው ጉልበት ደርሷል። ቶሞዌም ብቻዋን ትሆናለች። እማማ ሱዌን እባክሽ አግባቢልኝ። ሽማግሌ ሰው ዛሬ እምቢ ቢል ነገ እሺ ይላል።

ይቅርታ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ቴይጂ

*

ሺንማቺ፣ ዐሥራ አንደኛው ወር፣ 25 ቀን

ወንድሜ፣

በሁለቱም ካሴት ላይ የጠየቅሁህ አንድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ስጠይቅህ እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነበር፦ «ቴይጂ፣ የነጩ ውሻችን ስም ማን ነበር? ጠፋብኝ።» ስላልመለስክልኝ በሁለተኛው ገና ቴፑ ሲዞር፣ ማንም ሳይናገር፣ ማይኩ ላይ ተጠግቼ ጮክ ብዬ ደገምኩት። አንተ ያንን ውሻ ከእኔም አብልጠህ ትወደው ነበር፤ ገደል ገብቶ ሲሞት ሦስት ቀን እህል አልቀመስክም። ሰምተኸው ዝም የምትል ሰው አይደለህም።

ከዚያ ደብዳቤዎችህን ዘርግቼ እንደገና አነበብኳቸው። መርፌው ተነሣ፣ መርፌው ተኛ። አንድ ቦታ እንኳ «ድምፃቸው ደክሟል» አላልክም። አንድ ቦታ እንኳ «ሳቅሽ አልተለወጠም» አላልክም።

ትናንት ስደውል ቶሞዌ እንደ ልማዷ «አሁን ወጣ» አለችኝ። «ቶሞዌ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት። ዝም አለች። አንተ እንዳልከው፣ ዝምታ ራሱ መልስ ነው።

ተናድጄብሃለሁ። እህትህ ነኝ፣ የታዘልክበት ጀርባዬ ገና ትኩሳትህን ያስታውሳል፤ ከእኔ ነው የምትደብቀው? ደግሞ አዝኛለሁ፣ እሱን መጻፍ አልችልበትም። ስንቱን ልጅ የሬዲዮ ድምፅ ያስለመድክ ሰው!

ከመቼ ጀምሮ ነው? የማይሰማህን ጥሪስ ለምን ትፈልገዋለህ? በዚህኛው ላይ እንዳትዋሸኝ።

ኪኑ

*

ኦታሩ፣ ዐሥራ አንደኛው ወር፣ 29 ቀን

እታለም፣

ዩኪ ነበር ስሙ። ግራ ጆሮው ላይ ጥቁር ነጥብ ነበረው።

የእኔ ቀኝ ጆሮ የሄደው ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ነው። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረኝ፣ ስላልሰማሁት በወረቀት ጻፈልኝ፤ ያን ቀን ሁለታችንም ስቀናል። ግራው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ካርዱን የጻፍኩልሽ ያን ጊዜ ነው። ሳያልቅ አንዴ ልስማት ብዬ። በዐሥረኛው ወር መጨረሻ አንድ ጠዋት ስነሣ አልቋል። የመጀመሪያው ካሴትሽ የደረሰኝ ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ቶሞዌ ላይ አትፍረጂ፣ እኔ ነኝ ያስማልኳት። ድምፅ ዐዋቂው ደነቆረ ሲባል መኖሩን አልፈለግሁም፣ አንቺ ዘንድ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ።

ለምን ትፈልገዋለህ ላልሺኝ፤ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ልንገርሽ።

ከመንደራችን የሄድኩ ቀን፣ ድልድዩ ላይ ስደርስ እማዬ ጠራችኝ። ንፋሱ ወደ ላይ ነበር፤ የእሷን አልሰማሁትም፣ እማማ ሱዌ ሲያቀብሉት ሰማሁ። ሦስት ጊዜ። ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው፣ አዲስ ኮፍያ አድርጌያለሁ፣ ወንድ ነኝ ብዬ ወጥቻለሁ፣ ፊቴ ግን በእንባ ርሷል። «አቤት» ብል ድምፄ ያሳጣኛል ብዬ ዝም አልኩ። ዞር ሳልል ሄድኩ። ስምንት ዓመት «በሚቀጥለው በጋ እመጣለሁ» እያልኩ ጻፍኩላት፤ እሷ ሞተች። ለቀብሯ እንኳ በረዶ ዘጋኝ። ቀጥሎ በሩንም፣ ድልድዩንም ውኃ ወሰደው።

ስንት ሰዓት በር ላይ እንደቆመች አላውቅም። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የማስበው እሱን ነው። አንቺም በደብዳቤሽ «አቤት ሳትሰማ ቤት ገብታ ታውቃለች?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። አላወቅሽም፣ አልፈርድብሽም።

አሁን ብመጣ ምን ዋጋ አለው? እማማ ሱዌ ከጀርባዬ ቢጠሩኝ እንደ ድንጋይ ነው የምቆመው። ሁለተኛ ጊዜ እንደዚያ እንዲያዩኝ አልፈልግም። መርፌ ግን አሁንም ማንበብ እችላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት አንብቤዋለሁ። መዳፍ የሚያክለው መርፌ የለውም፣ ብስኩቷም የላትም። የነዘነዝኩሽ ለዚህ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለእማማ ሱዌ አንብቢላቸው። ከዚያም እምቢ ካሉ ልክ ናቸው።

ቴይጂ

*

ሺንማቺ፣ ዐሥራ ሁለተኛው ወር፣ 7 ቀን

ወንድሜዋ፣

ስለ ዕለቱ ብዙ አልጽፍልህም፤ ካሴቱ ውስጥ አለልህ። ትናንት ጠዋት ንፋሱ ሲበርድ ግድቡ ዳር ወረድን። እማማ ሱዌን በብርድ ልብስ ጠቅልለን አመጣናቸው፣ ያንን ሬሳ ሳጥንህን እኔው ተሸከምኩት። ያዘዝከኝ ስንዝር ተኩል ለወሬ ነው ብዬ ማይኩን ለጥሪ ሦስት ክንድ አራቅሁት። መቆጣጠሪያውን አንዴ አስተካክዬ እጄን ኪሴ ከተትኩ። «እህ» እንዳይወጣኝ ፎጣ ነክሼ ነበር። እውነቴን ነው።

ይህን ግን ልጽፍልህ ይገባል። ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቆዩ። እኔም መርፌ ቢኖር ይተኛ ነበር ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፣ እንዳሉት ነው የጻፍኩት፦

«ድልድዩ ላይ ሲቆም አይቼዋለሁ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስቴ አቀበልኩት፣ መልስ የለም። ወዲያ ስዞር እናታችሁ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሻሿን እንኳ አላሰረችም። ምን ላድርግ? እንዴት ‹ልጅሽ ዝም አለሽ› ልበላት? ‹አቤት ብሏል› አልኳት። ገባች። እስክትሞት ድረስ ‹ሲሄድ እንኳ መለሰልኝ› እያለች ታወራልኝ ነበር። እኔም ‹አዎ፣ ጮክ ብሎ ነው የመለሰው› እላታለሁ። አቀባይ አይዋሽም፣ ኪኑ። ያልሰማውን አያቀብልም። በዐሥራ አራት ቤት መሀል የዋሸሁ አቀባይ እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ይዤ ልሞት ነው።»

ይሄው ነው ያስለቀሳቸው። ስለዚህ ቴይጂ፣ እማዬ በር ላይ አላደረችም። ገብታለች። ደስ ብሏት ነው የገባችው። ይህን አጠገብህ ሆኜ ባነብልህ እጅህን እጨብጠው ነበር።

እንጥራ ስንል «መላሹ እዚህ ባይኖርም ቦታ ልተውለት፤ ሲደርሰው እሱ ይሙላው» አሉ። ከስሙ በኋላ ባዶ ቦታ አለ። ቴፑ ዝም ብሎ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። የማኅበሩ ሽማግሌዎች ኋላችን ቆመው ነበር፤ አንድም ሰው «ብክነት» አላለም።

ተራራው መልሱን አዘግይቶታል። ውኃው ከፍ ስላለ የቆምንበትም ራቀ። እማማ ሱዌ «እሱም አርጅቷል፣ እንደ እኔ መስማት ቸግሮት ነው» አሉ።

ከባዶው ቦታ በኋላ ምን እንዳለ አልነግርህም። በታሸገችው ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። መጀመሪያ መርፌውን እይ፣ ወረቀቷን ከዚያ ክፈት።

ዛሬ ልጃቸው መጥቶ ወሰዳቸው፣ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድሞ። ስለ ጤናቸው አሁን አትጠይቀኝ። ካኪው ከካሴቱ ሥር አለ፣ ለቶሞዌ።

እህትህ ኪኑ

*

ኦታሩ፣ ዐሥራ ሁለተኛው ወር፣ 13 ቀን

እታለም፣

አትጠይቀኝ ስላልሽኝ አልጠይቅም። ካሉ ግን ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ወስደሽ አንብቢላቸው። ቆመሽ አንብቢ፣ ጮክ ብለሽ።

ካሴቱን ትናንት ከሰዓት አስገባሁት። ቶሞዌ ጓዳ ነበረች። ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ፊቴን ከመርፌው አንድ ስንዝር አደረግሁ። አንድ እጄን ድምፅ ማጉያው ላይ አሳረፍኩ።

መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ ይርገበገብ ነበር፣ ውኃው ይሆናል። ከዚያ ተነሣ። እታለም፣ እንዴት ብሎ እንደተነሣ! ቀስ ብሎ አይደለም፤ እሷ እንደምትጀምረው፣ በአንዴ፣ ቀዩን ነካ አድርጎ፣ እዚያው ላይ ረዘም ብሎ ቆይቶ፣ መጨረሻው ላይ ቀና አለ። ያቺን ቀና ማለት ረስቻት ነበር። መዳፌ ሥር እንጨቱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ተኛ። በእጅ ሰዓቴ ቆጠርኩ፤ ሁለት ሰከንድ ከግማሽ። ቀጥሎ በጣም ትንሽ፣ ለዓይን እንኳ የምታስቸግር፣ ብድግ አለች። ተራራው ነው። አዎ፣ ዘግይቷል። እኔ ማንን ልወቅስ?

ከዚያ ሦስት ዝላይ። ስሜ ነው። ከመንደራችን በቀር ሰው እንደዚያ አድርጎ ጠርቶኝ አያውቅም፤ መሀሉ ከፍ፣ መጨረሻው ዝቅ። ሌላ ማንም ቢሆን መርፌ ብቻ ነው የሚያየው። እኔ በሩን አየሁት፣ ሻሽ ያላሰረ ራሷን አየሁት።

መርፌው ተኛ፣ አልተነሣም። ቦታዬ መሆኑን አወቅሁ።

«አቤት!» አልኩ።

ድምፄን አልሰማሁትም። ግን ጮክ ብሎ እንደነበር አውቃለሁ፣ ቶሞዌ እጇ ሊጥ እንደያዘ ሮጣ መጣች። እኔ እያለቀስኩ ነበር፣ እንደ ያን ቀኑ። አሁን ያሳጣኝ አላሳጣኝ ግድ አልነበረኝም።

መርፌው ጥቂት ቆየና እንደገና ተነሣ፤ ሁለት ጊዜ፣ ኃይለኛ፣ ደስ ያለው ሰው ድምፅ። ያን ጊዜ ወረቀትሽን ቀደድኩ። አንዲት መስመር ናት፦

«አቤት ብሏል! ግቢ፣ ብርድ ነው!»

ለእማማ ሱዌ እንዲህ በያቸው፦ አልዋሹም። ዘገየሁ እንጂ መልሻለሁ።

ቶሞዌ ሊጡን በሽርጧ ጠርጋ፣ የምንጻጻፍባትን ሰሌዳ አነሣችና «ምን ሆንክ? ማን ነው?» ብላ ጻፈችልኝ።

«እማዬ ናት። አሁን ገባች» አልኳት።

ወንድምሽ ቴይጂ